ውጭ አገር ለባቡርና ለአውቶቡስ በየትኛው ካርድ እንክፈል?

ይህን የኢንተርኔት መድረክ የውይይት ክር የከፈትኩት አንድ ነገር አስረግጬ በመናገር ነበር። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው፣ የሜትሮው በር የባንክ ካርድ የሚቀበል እስከሆነ ድረስ፣ የከተማውን የትራንስፖርት ካርድ ለመግዛት መሰለፉ ጊዜ ማባከን ነው አልኩ። ማስረጃም አቅርቤ ነበር። ለንደን በአውቶቡሶቿ ላይ የባንክ ካርድ መቀበል የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ሲሆን በ2014 የምድር ውስጥ ባቡሩን ጨመረች፤ ኒው ዮርክ ኦምኒ የተባለውን ሥርዓት በ2019 ጀምራ በ2020 ማብቂያ ሁሉንም የሜትሮ ጣቢያዎች አዳረሰች፤ ኔዘርላንድስ ደግሞ በ2023 በመላ አገሪቱ ከባቡር እስከ አውቶቡስ ድረስ በባንክ ካርድ መሳፈርን ፈቀደች። በለንደን በቀን ምንም ያህል ጊዜ ብንሳፈር ክፍያው ከተወሰነ ጣሪያ ስለማያልፍ፣ የቀን ትኬት ይሻላል ወይስ የአንድ ጉዞ ብሎ ማስላት እንኳ ቀርቷል። ታዲያ የከተማው ካርድ ምን ይሠራል ብዬ ጻፍኩ።

በዚያው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ግን የራሴን ገጠመኝ አስፍሬ ጥያቄ አቅርቤ ነበር። በአንድ ትልቅ ከተማ ጠዋት ወደ ሜትሮ ስገባ ስልኬን ማንበቢያው ላይ አስነካሁ፤ አረንጓዴ መብራት በራ፣ በሩም ተከፈተ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መውጫው ዘንድ ስደርስ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። ከኋላዬ ሰው ተደርድሯል፤ ስለዚህ በስልኬ ላይ የተመዘገበውን ያንኑ የባንክ ካርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ አስነካሁ፣ በሩም ወዲያው ተከፈተልኝ። በማግስቱ የባንክ ሂሳቤን ስመለከት ለዚያ አንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ጊዜ በከፍተኛው ታሪፍ ተቆርጦብኛል። ሂሳቡ አንድ፣ ተጓዡም አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ለምን ሆነ ስል ጠየቅሁ። ከመልሶቹ ብዙ ስለተማርኩ፣ ክሩን ዘግይቶ ለሚያገኘው ሰው በቅደም ተከተላቸው እተርካቸዋለሁ።

የ1ኛው መልስ ጸሐፊ በትሕትና ጀምሮ ጥያቄዬን በአንድ አንቀጽ ፈታው። የባንክ ካርድ ስልክ ላይ ሲመዘገብ ስልኩ የካርዱን ቁጥር ይዞ አይዞርም፤ በእሱ ፈንታ ለዚያ ስልክ ብቻ የሚያገለግል ምትክ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህም የሚደረገው የክፍያው መረጃ በሌላ እጅ ቢገባ ዋናው ቁጥር እንዳይጋለጥ ነው። የሜትሮው በር የሚያየው ቁጥሩን እንጂ ባለቤቱን አይደለም፤ ስለዚህ ጠዋት የገባው አንድ ተሳፋሪ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ የወጣው ደግሞ ሌላ ተሳፋሪ ሆኖ ተቆጠረ። አንዱ ገብቶ አልወጣም፣ ሌላው ሳይገባ ወጥቷል፤ የት ተሳፍረው የት እንደወረዱ ስለማይታወቅ ሁለቱም ከፍተኛውን ታሪፍ ይከፍላሉ። በእጅ ሰዓት ላይ የተመዘገበው ካርድም እንዲሁ ሦስተኛ ሰው ነው። የቀኑ የታሪፍ ጣሪያም ለየቁጥሩ ለብቻው ስለሚሰላ፣ ስልክና ካርድ እያቀያየሩ የሚጓዝ ሰው ጣሪያው ላይ ሳይደርስ ብዙ ይከፍላል። ጸሐፊው የመከረኝ ጠዋት አንዱን መርጬ እስከ ማታ በእሱ ብቻ እንድጓዝ ነበር።

2ኛው መልስ በዚህ ተስማምቶ ስለ ባትሪው አንድ ነገር ጨመረ። ከአይፎን ኤክስኤስ ወዲህ ያሉ የአፕል ስልኮች፣ ካርዱ ለፈጣን ጉዞ ክፍያ ከተመረጠ፣ ባትሪ ጨርሰው ከጠፉ በኋላም እስከ አምስት ሰዓት ድረስ በሩን ሊከፍቱ ይችላሉ። ባለቤቱ ስልኩን በእጁ ካጠፋው ግን ይህ አይሠራም። እኔ ይህን ቅንብር አላበራሁትም ነበር።

የክሩ ድምፅ የተለወጠው በ3ኛው መልስ ነው። ጸሐፊዋ ኃይለ ቃል ተጠቅማለች፤ ሆኖም ዛሬ መለስ ብዬ ሳነበው ከመልሶቹ ሁሉ ጠቃሚ ከሆኑት አንዱ የእሷ ነው። ሁሉም ሰው ድንበር የሚሻገር የባንክ ካርድ እንዳለው አድርጌ መጻፌን ነቀፈች። ብዙ ባንኮች የሚሰጧቸው ካርዶች ከአገር ውጭ ለሚደረግ ክፍያ ዝግ ናቸው፤ ክፍት የሆኑትም ቢሆኑ ሁሉም ሳይሰኩ በማስጠጋት ብቻ አይከፍሉም፤ ይህንንም ሰውየው የሚያውቀው በሩ ፊት ቆሞ ቀይ መብራት ሲበራበት ነው። ቀጥላም የቴክኒኩን ልዩነት እንዳልተረዳሁ ነገረችኝ። እንደ ቶኪዮው ሱይካና እንደ ሆንግ ኮንጉ ኦክቶፐስ ባሉ ካርዶች ገንዘቡ የሚመዘገበው ካርዱ ውስጥ ባለው ቺፕ ላይ ስለሆነ፣ በሩ ማንንም ሳይጠይቅ ሂሳቡን ቀንሶ ቀሪውን ያሳያል። ሱይካ ይህን የሚጨርሰው በ0.2 ሰከንድ ገደማ ነው፤ በሥራ መግቢያ ሰዓት በየበሩ የሚያልፈውን ሕዝብ ማስተናገድ የሚቻለውም በዚህ ፍጥነት ነው። በባንክ ካርድ ስንገባ ግን በሩ የሚያደርገው መመዝገብ ብቻ ነው፤ ዋጋው በኋላ በማዕከል ተሰልቶ ከሂሳባችን ይቆረጣል። ለዚህ ነው እኔ ሁለት ጊዜ እንደከፈልኩ በሩ ላይ ያልነገረኝ፤ በዚያ ሰዓት በሩ ራሱ አያውቅም ነበር።

4ኛው መልስ የእኔው ነው። ስለ ቴክኒኩ ያለችው እውነት እንደሆነ ተቀበልኩ፤ የባንክ ካርድ የሌለውን ሰው ስለመርሳቴ ግን የጻፍኩት ካርዱ ላላቸው ነው ብዬ ተከላከልኩ። ዛሬ ቢሆን እንዲህ አልመልስም።

በ5ኛው መልስ አንድ ሰው ስለ ኦክቶፐስ በፍቅር ጻፈ። ካርዱ በ1997 ሥራ ሲጀምር ለትራንስፖርት የታሰበ ቢሆንም ዛሬ በሱቅና በመኪና ማቆሚያ ጭምር ያገለግላል፤ ለካርዱ የሚያዘው 50 የሆንግ ኮንግ ዶላርም ካርዱ ሲመለስ ይመለሳል። ጸሐፊው አንድ ማታ ቀሪ ሂሳቡ ለጉዞው እንደማይበቃ ሳያውቅ ገብቶ ነበር። መውጫው ላይ ሂሳቡ ከዜሮ በታች ወርዶ በሩ ግን ከፈተለት፤ መያዣው ለዚያ ዋስ ነውና። በማግስቱ ካርዱን ሲሞላ ጉድለቱ ተቀነሰ። የመጨረሻ ባቡር ላይ ያለ መንገደኛ መያዣ መክፈሉ የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

6ኛዋ ጸሐፊ ሁለት ልጆች ይዛ የምትጓዝ እናት ነበረች፤ የእኔ ጽሑፍ ለብቸኛ መንገደኛ የተጻፈ መሆኑን ያሳየችኝም እሷ ናት። መግቢያና መውጫ ላይ ካርድ በሚነካበት ሥርዓት አንድ ካርድ አንድን ሰው ብቻ ያሳልፋል፤ እናት ገብታ ካርዱን በበሩ ላይ ለልጇ ብታቀብለው አይሠራም። በኒው ዮርክ ሜትሮ የሚከፈለው መግቢያ ላይ ብቻ ስለሆነ በአንድ ካርድ እስከ አራት ሰው ማስገባት ይቻላል፤ ወደ ሳምንቱ ጣሪያ የሚቆጠረው ግን የመጀመሪያው ሰው ጉዞ ብቻ ነው። በኢስታንቡል ደግሞ የከተማው ካርድ ኢስታንቡልካርት ለብዙ ሰው ሊያገለግል ይችላል፤ ከሁለተኛው ሰው ጀምሮ ዋጋው ከፍ ይላል። በለንደን ከ11 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከፋይ አዋቂ ይዟቸው ሜትሮ በነፃ ይገባሉ። ከ11 እስከ 15 ዓመት ያሉ ጎብኚዎች ደግሞ እስከ 14 ቀን ድረስ በግማሽ ዋጋ የሚጓዙበት ቅናሽ አለ፤ ቅናሹን ግን የጣቢያው ሠራተኛ የሚጭነው የከተማው ካርድ በሆነው በኦይስተር ላይ እንጂ በባንክ ካርድ ላይ አይደለም። ጸሐፊዋ ይህን ያወቀችው ለታላቅ ልጇ በራሷ ሁለተኛ የባንክ ካርድ ለሦስት ቀን ሙሉ የአዋቂ ዋጋ ስትከፍል ከቆየች በኋላ ነው። በአራተኛው ቀን ኦይስተር ገዝታ፣ ልጇ ካርዱን በራሱ እጅ ማንበቢያው ላይ አኑሮ ቀሪውን ሲያነብላት የተሰማትን ደስታም ጽፋለች።

7ኛው መልስ እኔን ለማረም የመጣ ነበር። ስለ ኔዘርላንድስ የጻፍኩት ትክክል ቢሆንም የሚያሳስት መሆኑን አስረዳ። ሥርዓቱ በመላ አገሪቱ አንድ ይሁን እንጂ አጓጓዦቹ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ ጣቢያ ውስጥ ከአንዱ ኩባንያ ባቡር ወደ ሌላው የሚቀይር ሰው በመጀመሪያው ኩባንያ ማንበቢያ ወጥቶ በሁለተኛው ማንበቢያ መግባት አለበት። ማንበቢያዎቹ ብዙ ጊዜ በር የሌላቸው ምሰሶዎች በመሆናቸው፣ እንግዳ ሰው ሳያያቸው ያልፋል። ጽሑፌን በዚሁ መሠረት አስተካክያለሁ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ባንክ ኮሚሽን ዞረ። የ8ኛው መልስ ጸሐፊ፣ ለውጭ ክፍያ በየግብይቱ ቋሚ ኮሚሽን የሚቆርጥ ባንክ ያለው ሰው በቀን ስድስት ጊዜ ካርዱን ቢያስነካ ኮሚሽኑ ከታሪፉ ሊበልጥ እንደሚችል አሰላ። ለንደን የቀኑን ጉዞዎች ደምራ በአንድ ክፍያ ስለምትቆርጥ ጉዳቱ እዚያ አነስተኛ ነው፤ ሌላ ቦታ ግን እንዲህ ላይሆን ይችላል። በ9ኛው መልስ የ3ኛዋ ጸሐፊ ተመልሳ፣ ይህ ስሌት በመጀመሪያ እሷ ካለችው የተለየ እንዳልሆነ፣ ሐሳቧ በጨዋ ቋንቋ ሲደገም ብቻ ጆሮ ማግኘቱ እንዳሳዘናት ጻፈች። 10ኛው መልስ ሰጪ እሷን ጠብ ፈላጊ ሲላት፣ 11ኛው ደግሞ የኮሚሽን ወሬ ሌላ ክር ይከፈትለት ሲል፣ የመድረኩ አወያይ በ12ኛው መልስ ገብቶ ሁለቱንም ገሠጸ። ኮሚሽኑ ከርዕሱ የወጣ አይመስለኝም፤ የካርዱ ምርጫ የሚወሰነው በከፊል በዚሁ ነውና። ስለ ጨዋ ቋንቋውና ስለ ጆሮው ግን የ3ኛዋ ጸሐፊ እውነቷን ነበር፤ ይቅርታም ጠይቄያታለሁ።

ጭቅጭቁን ያበረደው 13ኛው መልስ፣ ጃፓን ውስጥ ብዙ የተዘዋወረ ሰው የጻፈው ነው። ወደ 3ኛውና ወደ 5ኛው መልስ ተመልሶ፣ ሱይካና ኦክቶፐስ ሁለቱም የሶኒ ሥራ በሆነው በፌሊካ ቴክኖሎጂ የተሠሩ ወንድማማቾች መሆናቸውን ገለጸ። ሱይካ በ2001 ተጀምሮ፣ ከ2013 ወዲህ የአገሪቱ አሥር ዋና ዋና ካርዶች አንዱ በሌላው ክልል ይሠራሉ። ይህን ያነበበ መንገደኛ ግን ያልተጻፈውን ይስታል፦ ካርዱ በሁለቱም ክልሎች ቢሠራም፣ ከአንዱ ክልል ተነስቶ ሌላው ክልል ውስጥ የሚያበቃን አንድ ጉዞ አይከፍልም። ጸሐፊው ከቶኪዮ ክልል በተራ ባቡር እየቀየረ ወደ ናጎያ በኩል ሄዶ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሲወርድ በሩ ተዘጋበት። መስኮቱ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ ሠራተኛ ካርዱን ተቀብለው የተሳፈረበትን ጣቢያ በማሽናቸው አዩ፤ ዋጋውን በወረቀት ጽፈው አሳዩትና በጥሬ ገንዘብ አስከፈሉት። ከዚያም መግቢያው ከካርዱ ላይ እንዲሰረዝለት በኋላ ለሌላ ጣቢያ የሚያሳየው ወረቀት ማኅተም አድርገው ሰጡት። አንድም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ኪሱ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ባይኖር ግን እንዴት ይሆን እንደነበር አያውቅም። ሱይካ ለመግዛት ላሰበ ሰውም ጠቃሚ ነገር ጨመረ፦ በቺፕ እጥረት ምክንያት በ2023 የካርዱ ሽያጭ ተቋርጦ የነበረ ሲሆን፣ ለጎብኚዎች የተዘጋጀው ዌልካም ሱይካ ያለ መያዣ ይሰጣል፤ የሚያገለግለው ግን ለ28 ቀን ብቻ ነው፣ ቀሪ ሂሳቡም አይመለስም።

14ኛው መልስ አጭር ነበር፤ ስለ ሳምንት ትኬት ነው። በፓሪስ ናቪጎ በተባለው የከተማው ካርድ ላይ የሚጫነው የሳምንት ትኬት የሚቆጠረው ከሰኞ እስከ እሑድ ስለሆነ፣ ሐሙስ የደረሰ ሰው ቢገዛው አራት ቀን ብቻ ይጠቀምበታል። የለንደንም የሳምንት ጣሪያ እንዲሁ ሰኞ ይጀምራል። የኒው ዮርኩ ግን ከመጀመሪያው ጉዞ ጀምሮ ሰባት ቀን ይቆጥራል፤ በእነዚያ ቀናት ከአሥራ ሁለት የተከፈለባቸው ጉዞዎች በኋላ ያለው ነፃ ነው።

15ኛው መልስ ሰጪ ያነሳው ነገር ከእኛ ማናችንም ያላሰብነው ነበር። በባቡር ውስጥ ተቆጣጣሪ ሲመጣ፣ በባንክ ካርድ የከፈለ ሰው የሚያሳየው ትኬት የለውም፤ ተቆጣጣሪው ካርዱን ወይም ስልኩን በእጅ ማንበቢያው ይመረምራል። ስልኩ በመሃል ከጠፋ፣ ሰውየው በእርግጥ ከፍሎ ቢሆን እንኳ ማስረዳት አይችልም፤ በለንደንም ስልኩ ባትሪ እንዲኖረው የማድረግ ኃላፊነት የተሳፋሪው ስለሆነ ቅጣት ሊከተለው ይችላል። የእኔ ስልክ ጉዞው መሃል ላይ ሲጠፋ ተቆጣጣሪ ቢያገኘኝ ኖሮ ከሁለት ታሪፍ የባሰ ይጠብቀኝ ነበር።

ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ የለወጠው 16ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው በሲንጋፖር የሆነውን ተረከ። እዚያ የባንክ ካርድም ሆነ አዲሱ የከተማ ካርድ የሚሠሩት ሂሳቡ በማዕከል በሚያዝበት ሲምፕሊጎ በተባለ ሥርዓት ሲሆን፣ ቀሪ ሂሳብ ቺፕ ላይ የሚይዘው አሮጌው ኢዚሊንክ ካርድ ግን ከ2002 ጀምሮ በሕዝቡ እጅ ነበር። በጥር 2024 መንግሥት አሮጌው ካርድ ለአዋቂዎች ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ እንደማያገለግል ሲያስታውቅ ሕዝቡ አጥብቆ ተቃወመ። ምክንያቱ ብዙ አልነበረም፤ አዲሱ ካርድ በሩ ላይ ስንት እንደተቆረጠና ስንት እንደቀረ አያሳይም፣ ይህን ለማወቅ ስልክ መክፈት ያስፈልጋል። በዚያው ወር ውስጥ ውሳኔው ተሽሮ፣ አሮጌው ሥርዓት እንዲቀጥል 40 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ተመደበለት።

ይህን ሳነብ 3ኛዋ ጸሐፊ ስለ ቺፑ ያለችውና የ6ኛዋ ጸሐፊ ልጅ ቀሪ ሂሳቡን ማንበቡ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ገባኝ። የገዛ አገራቸውን ሥርዓት አሳምረው የሚያውቁ የሲንጋፖር ነዋሪዎች ቁጥሩን በሩ ላይ ማየት አንተውም ካሉ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ እንግዳ ቀሪውን የሚያሳየው ያ የበሩ ትንሽ ማሳያ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው መገመት አያዳግትም። እኔ ያን ዕለት በሩ ላይ የተቆረጠብኝን ባይ ኖሮ ወዲያው ወደ ሠራተኛው እሄድ ነበር፤ ማየት ያልቻልኩት ግን አስቀድሜ ባወደስኩት በዚያው ሥርዓት ምክንያት ነው። የባንክ ካርዱ ምቾት እውነት ነው፣ አልክደውም። የከተማው ካርድ ግን በጥሬ ገንዘብ ይሞላል፣ ባንክ አይጠይቅም፣ ባትሪ አይጨርስም፣ ቅናሽ ይጫንበታል፤ ከተሞች በባንክ ካርድ ተክተው እንዳያጠፉት እመኛለሁ።

17ኛው መልስ ገንዘቤን ለማስመለስ ሞክሬ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አልሞከርኩም ነበር። ጸሐፊው፣ ብዙ አጓጓዦች ካርዱን በድረ ገጻቸው ያስመዘገበ ሰው ጉዞዎቹን በሰዓትና በጣቢያ ለይቶ እንዲያይና ያልተሟላውን እንዲያስታርም እንደሚፈቅዱለት ገልጾ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች ለየብቻ እንዳስመዘግብ መከረኝ። አደረግሁት። የስልኩ መዝገብ የመግቢያውን፣ የካርዱ መዝገብ የመውጫውን ሰዓት አሳየኝ፤ ሁለቱን አያይዤ ጻፍኩ። በአሥረኛው ቀን የአንዱ ታሪፍ ተመለሰልኝ፤ ለሁለተኛው የተሰጠኝ መልስ ደንቡ ሁለት የተለያዩ መክፈያዎችን እንደማያጣምር የሚገልጽ ነበር።

18ኛው መልስ የእኔ ነው። በመነሻው ጽሑፍ ላይ ጊዜ ማባከን ነው ያልኩትን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ፣ ከሥሩ የ3ኛውን፣ የ6ኛውንና የ16ኛውን መልስ ቁጥር አስቀምጫለሁ። በሚቀጥለው ወር እናቴን ይዤ እጓዛለሁ። እሷ ስማርት ስልክ አትይዝም፣ የባንክ ካርዷም ከአገር አይወጣም። የደረስን ዕለት ከጣቢያው መስኮት የከተማውን ካርድ በስሟ ገዝቼ፣ በጥሬ ገንዘብ አስሞልቼ በእጇ እሰጣታለሁ፤ በበሩም እሷ ትቀድማለች፣ እኔ ከኋላዋ በአንዱ ካርዴ እከተላለሁ። ለምንሄድበት ከተማ ካርዱ የት እንደሚሸጥና ለአረጋውያን ቅናሽ በጎብኚ ካርድ ላይ ይጫን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቢኖር በ19ኛው መልስ ቢጽፍልኝ አመሰግናለሁ።